የዕቃ ቤቱ ቁልፍና የዶሮ ላባ

ለልጄ ለማርያማዊት ይሥሐቅ፣ ዱባይ፤

እንዴት ከረምሽ ልጄ? እንዴት ሰነበትሽ? አዳርሽ እንዴት ነው፣ ውሎሽስ? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? የወለል ማጠቢያው የላጠው እጅሽ ሻረ? እህል ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሻይ ጠጥተሽ ትውያለሽ? ጾሙንስ እንዴት ይዘሽዋል? በሰው ቤት ጾም መያዝ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁና አምላክ ሐሳብሽን አይቶ ይቁጠርልሽ። ሰው ደብዳቤ ሲያስጽፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ይላል። እኔ እንደሱ አልልም። ናፍቆቱም አለ፣ ጉልበቴም አለ፣ ብርዱም አለ። እናትሽ ጌታነሽ ግን ደኅና ናት። ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ የሷ ምላስ ደኅና ከሆነ የቀረው አካሏም ደኅና ነው ማለት ነው።

የበልጉ ዝናብ እስከ ዛሬ አልጣለም። ደመናው ይመጣል፣ ያየናል፣ ይሄዳል። ለገብስ ያለሰለስነው መሬት አቧራ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፣ በጎቹም ከስተዋል። የምታውቂያት ጥቁሯ በግ ወልዳለች። እናትሽ ግልገሏን ባንቺ ስም ልትጠራት ፈልጋ ነበር፤ ልጄን ከበግ ጋር አታጋሪያት ብዬ ከለከልኩ።

ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን የተገኘ ልጅ እመቤት ናት። ዘመሮ አስተማሪ ሆናለች፤ ቅዳሜና እሑድ ወላጆቿን ልታይ ትመጣለች። ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ቃል መደርደር አላቃተኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ ጆሮዬ ስልክ እምቢ ካለ ቆየ፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ የምሰማው ንብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አባትሽ በዐቢይ ጾም ሥጋ በላ፣ ያውም በአቡዬ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ደብቆ በላ የሚል ወሬ ሳይደርስሽ አይቀርም። የሰበካ ጉባኤው የአስፋው የእኅቱ ልጅ እዚያው ዱባይ አይደለች? የዛሬ ወሬ ከአውሮፕላን ይቀድማል። እንግዲያው ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔው ስሚው። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኔ ይቀበል አይቀበል ይወስናል። ይህን ቁልፍ አባቴ ይዞት ኖረ፣ ከሱ እጅ እኔ ተቀበልኩት። በሁለታችንም ዘመን ከዚያ ቤት አንዲት ጧፍ ጎድላ አታውቅም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሆዳም ተብዬ ልነጠቅ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፣ ጥንስሱም ያንቺው ምክር ነው፤ መጨረሻው ግን የት እንደደረሰ አልሰማሽም።

አምና ክረምት ዕቃ ቤቱን አይጥ ወረረው። የካባውን ጠርዝ በላው፣ የብራናውን ዳር ዳር እንደ ቂጣ ቆረሰው። የደብሩን ንብረት የሚያዙት ቄሰ ገበዙ አባ ወልደ አማኑኤል፣ የመገበሪያ ስንዴ ባለበት ቤት መርዝ አይገባም አሉ። ደግ ብለዋል። እኔም ከቤቴ ዳለቻን ወስጄ አስገባሁላቸው። ዳለቻን ታውቂያታለሽ፣ ከምድጃው ጥግ የማትነሣዋ የአሮጊቷ ድመት ልጅ ናት። ከዕቃ ቤቱ ግን ንቅንቅ እንዳትል ተባለ። ከሷ በፊት የነበረችውን ድመት የግቢው ውሾች ከቅጥሩ ሥር ቦጫጭቀዋት ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ በየማሳው መርዝ ይበተናል፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ውላ አታድርም። ስለዚህ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከደጅ፣ ሁለታችንም ዘበኛ ሆንን።

አይጡ እስኪያልቅ ድረስ ጀግና ነበረች። ካህናቱ ሲያልፉ በመስኮቱ እያዩ ይመርቋት ነበር። አይጡ ሲያልቅ ግን ነገር መጣ። መጋረጃ ላይ መውጣት ጀመረች። የከበሮውን ጠፍር በጥፍሯ ትሞርደዋለች። እሽጉን ጧፍ ከመደርደሪያው ላይ እየገፋች ትጥላለች፤ ስትጥለውም ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። የከፋው ደግሞ ቅዳሴ ሲገባ መጮኋ ነበር። ዲያቆኑ ዜማ ሲያነሣ እሷም ከዕቃ ቤት ታነሣለች። አስፋው የሰበካ ጉባኤ አባል ከሆነ ወዲህ አንገቱ ረዝሟል፣ አንድ እሑድ በሰው መሀል «ጋሽ ይሥሐቅ፣ ድመትዎ ዜማ ቤት ገብታ ኖሯል፤ ድጓውን ጨረሰች ወይስ ገና ናት?» አለኝ። ሕዝቡ ሳቀ። አባ ወልደ አማኑኤል ግን አልሳቁም። ከእንግዲህ አንዲት ክር ከተረተረች ድመቷም ትወጣለች፣ የጠባቂውንም ነገር እናስብበታለን አሉ።

ያን ጊዜ ነው ከእናትሽ ሰምተሽ በእመቤት ስልክ ድምፅሽን የላክሽልኝ። ሰው እንዳይሰማ ከእመቤት ጋር የበጎች በረት ውስጥ ገባን። እሷ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች፣ ወደኔ ዞራ ትጮኻለች፣ በጎቹ ይደነብራሉ። ድመቷ ባለጌ ሆና አይደለም፣ ሰልችቷት ነው አልሽ። የማዳምሽ ሁለት ድመቶች ከዚያ ሰማይ ከሚነካው ፎቅ ወርደው አፈር ረግጠው እንደማያውቁ ነገርሽኝ። ሥራሽም መጥረግና ማጠብ ብቻ እንዳልሆነ ነገርሽኝ። ጠዋትና ማታ በእንጨት ላይ ላባ አስረሽ ታሯሩጫቸዋለሽ። ምግባቸውን ፈልገው እንዲያገኙት እዚህም እዚያም ትሸሽጊላቸዋለሽ። መስኮት ዳር ከፍ ያለ መቀመጫ አላቸው። መጫወቻቸውንም ሳይሰለቻቸው እያነሣሽ ሌላ ታወጪላቸዋለሽ።

ይህን ስሰማ በቁሜ ደረቅሁ። ልጄ ባሕር የተሻገረችው ድመት ልታጫውት ነው ወይ አልኩ። እመቤትንም፣ ይህ ወሬ ከዚህ በረት እንዳይወጣ፣ የሰማሽውን ለበጎቹ ተዪው አልኳት። ሁለት ቀን ተቆጥቼ ሰነበትኩ። ኋላ ግን የሽማግሌዎቹ ተረት መጣብኝ፤ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ሰው እንኳ ሥራ ሲያጣ የገዛ ቆቡን ከቀደደ፣ ድመት የአቡዬን መጋረጃ ብትቀድ ምን ይደንቃል?

ከአውራ ዶሮው ጭራ ረጃጅሙን ላባ ነቀልኩ። በእናትሽ የበግ ጠጉር ፈትል ከቀጭን የወይራ ለበቅ ጫፍ አሰርኩት። የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀርኩና ላባውን በመሬቱ ላይ ጎተትኩት። ምን ልበልሽ፣ ያቺ ድብርታም ድመት ነብር ሆነች። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም። ላባውን ሽቅብ እየነጠቅሁ አንድ ጊዜም ሳላስይዛት እስኪደክማት አስሮጥኳት። ድል አደረግሁ ብዬ ቁጭ ስል መጥታ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰችኝ። እመቤትን ወደ በረቱ መልሼ፣ ልጄ ያለችውን ድገሚልኝ አልኳት። ለካ ጆሮዬን ያለፈው ቃል ነበር። መጨረሻ ላይ አስይዛት፣ ከያዘች በኋላ አብላት፣ ያን ጊዜ ራሷን ልሳ ትተኛለች ብለሽ ነበር። እንዳልሽው አደረግሁ፣ እንዳልሽውም ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያዝኩት። ቃጫ ገምጄ የመሀሉን ምሰሶ ከሥር እስከ ወገቡ ጠመጠምኩበት፤ ጥፍሯን እዚያ ላይ ስትስል ከበሮው ዐረፈ። ንብ የሸሸውን አሮጌ ቀፎ አምጥቼ ከጥግ አጋደምኩላት፣ ባንዱ አፍ ገብታ በሌላው ትወጣለች። በመስኮቱ ደፍ ላይ የተበላች የበግ ጠጉር ባና አጥፌ አነጠፍኩ። እዚያ ተቀምጣ በጥዱ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ስታይ ትውላለች፣ አገጯም ይንቀጠቀጣል። ቀፎው ሲሰለቻት አነሣውና ቅርጫት አኖራለሁ፣ ቅርጫቱ ሲሰለቻት ቀፎውን እመልሳለሁ። ሞኝ ናት፣ እንደ አዲስ ትደሰታለች። በመጨረሻም ኋላ ጉድ ያፈላችብኝን ቅል ሠራሁ። ጎኗን በጋለ ብረት ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ቀዳዳ አበጀሁላት፣ ውስጧ ፍርፋሪ ሥጋ ጨመርኩ፣ አፏን በውታፍ ደፈንኩት። ዳለቻ በእጇ እየመታች ስታንከባልላት አንዳንድ ቁራጭ ይወድቅላታል። ለአንድ ቁራጭ ስትለፋ ትውላለች። መጋረጃው ዳነ፣ ቅዳሴውም ዳነ። አባ ወልደ አማኑኤል፣ ድመትህ ጨዋ ሆነች፣ ምን አደረግሃት አሉኝ። መከርኳት አልኩ።

ጾሙ ሲገባ ግን ጨነቀኝ። ሽሮ የነካ እንጀራ ሰጠኋት፤ አሽትታ እንደ ሰው ቀና ብላ አየችኝ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይሉ የለ? ዳለቻ ደግሞ መንኩሻለሁም አላለች። ሜዳ ላይ ያለች ድመት ጾሙን የምትሽረው በገዛ እጇ ነው፣ ዕዳው የራሷ ነው። ይቺን ግን የቆለፍኩባት እኔ ነኝ። የቆለፉባትን ነፍስ ማስራብ ደግሞ ከሥጋ የከፋ ነው አልኩ ለራሴ። እናትሽ ከገና የተረፈውን ቋንጣ ከምድጃው በላይ ሰቅላ ለፋሲካ ታቆየው ነበር። ከሱ እየቀነስኩ፣ በቀዳዳው እንዲያልፍ አድቅቄ እየከተፍኩ፣ ቅሏን ሞላሁ። ስሕተቴ ይኸው ነው ልጄ። ሥጋ በጾም፣ በጻድቁ ግቢ። አላሰብኩትም አልልሽም፤ አስቤ፣ ማን ያያል ብዬ ነው።

መጋቢት አምስት፣ የአቡዬ ዓመት በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ሳለ ካህናቱ ጥላውንና ካባውን ሊወስዱ መጡ። በሩን ከፈትኩ። ዳለቻ ሰው በዛባትና ቀፎው ውስጥ ገባች። ቅሏን ግን ከበሩ ደፍ ላይ ትታት ኖሮ የአንዱ ካህን እግር ነካት። እየተንከባለለች ወርዳ አባ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ቆመችና ሁለት ሦስት ቁራጭ ቋንጣ ተፋች። ከበሮ ያነገበው ከበሮውን እንዳነገበ ቆመ። አስፋው ቅሏን አነሣ፣ ውታፏን ነቀለ፣ አሸተተ። «ሥጋ ነው» አለ። ቀጥሎም መዳፉ ላይ ዘርግፎ «ያውም ደቆ የተከተፈ፣ ጥርስ ለሌለው የተሰናዳ ስንቅ ነው» አለና አፌን እንደ ገበያ በቅሎ አፍ አየኝ። አባ ወልደ አማኑኤል የማን ነው ብለው ጠየቁ። የኔ ነው አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ለምን አልተናገርክም ትይኛለሽ። እመቤትም ይኸው እየጻፈች «አባባ፣ ለድመቷ ነው ቢሉ ምን ነበረበት?» ትለኛለች። ለድመት ነው ብል፣ ድመት ውታፍ ያለው ቅል ምን ታደርግበታለች ይላሉ። ታንከባልለዋለች ብል፣ ማን አስተማራት ይላሉ። ኋላ ላባውም ይወጣል፣ ቀፎውም ይወጣል። የሦስት ደብር ሽማግሌ ሰው ሲያስታርቅ የሚጠራኝ ሰው፣ በሩን ዘግቼ ከድመት ጋር ስሯሯጥ እንደምውል ልናገር? ሆዳም መባል ይሻለኛል አልኩ። ሆዳምነት እንኳ የወንድ ነውር ነው።

ቤት ስገባ እናትሽ ከበሩ ቆማ ጠበቀችኝ። ቋንጣዋን ቆጥራለች፣ ዶሮዋንም አይታለች። «አንተ ሽማግሌ፣ ቋንጣዬ ጎደለ፣ የአውራ ዶሮዬ ጭራ ተነጨ፣ ባሌም ጾም ሻረ ተባለ። እነዚህን ሦስቱን ምን አገናኛቸው? ቋንጣውን በላህ እንበል፤ ጭራውን ደግሞ በምን ጥርስህ በላኸው?» አለችኝ። ድካሜን አሳብቤ ወደ መደቤ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሰላምታ የሚሰጠኝ እንደ ታማሚ ነው። ዳለቻም ከዚያ ቀን ወዲህ የምትጫወትበት የላትም፤ ቅሏን አስፋው ለማስረጃ ይዟታል፣ እኔም ላባውን ለመያዝ ልቤ አልነሣ ብሏል። ትናንት እንደገና መጋረጃው ላይ አገኘኋት። ደክሞኛል ልጄ። ይህችን ያህል ተናግሬ ደከመኝ፤ እመቤትም እጇ ዝሏል። ነገ የሚሆነውን ካየሁ በኋላ እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ሰኞ ነው። እመቤት ለኔ ስትል ከዘመሮው መኪና ቀርታ የከሰዓቱን እየጠበቀች ነው።

ትናንት ገብር ኄር ነበር። በታማኝነት ስለ ጠበቀ ባሪያ ሲነበብ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር፤ በጀርባዬ አወቅሁት። ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌው ባንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። አስፋው ተነሣና «ቁልፍ የእምነት ነገር ነው። ጾሙን ያልጠበቀ ንዋየ ቅድሳት ይጠብቃል ወይ? ጋሽ ይሥሐቅን እናከብራቸዋለን፣ ዕድሜያቸውንም እናከብራለን፤ አሁን ግን ቁልፉን አስረክበው ቢያርፉ ለሳቸውም ክብር ነው» አለ። ቃሉ ማር ነበር፤ እጁ ግን ቁልፉን ከወዲሁ ይመዝን ነበር። ቅሏን መሀል አስቀመጣት። አባ ወልደ አማኑኤል ወደኔ ዞሩና «አያ ይሥሐቅ፣ አንድ ቃል ተናገር። ዝም ካልክ እኔም በዝምታህ እፈርድብሃለሁ» አሉኝ።

ቁልፉን ላስረክብ ተነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ልሰጥና ልሄድ ነበር። ከኪሴ ሳወጣው ግን ነገ በሩን ከፍቶ የሚገባውን ሰው አሰብኩ። ዳለቻን በጅራቷ ይዞ ለውሾቹ ይወረውራታል። የኔ ስም ጠፍቶ ያቺ እንስሳ ብትድን እሺ፤ ስሜም ጠፍቶ እሷም ጠፍታ ግን ምን ተረፈኝ? ቆዩኝ አልኩና ሄጄ ዳለቻን በበርኖሴ ሸፍኜ አመጣኋት። ለበቁንም ከነላባው አመጣሁ። አስፋው «ደግሞ ይህ ምንድን ነው፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?» አለ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ድመቷን ከሣሩ ላይ አኖርኳት፣ በዚህ ጉልበቴ ተንበረከክሁ፣ ላባውን ጎተትኩ።

እምቢ አለች። ሰው በዝቶባት ሆዷን ከመሬት ለጥፋ ዙሪያዋን ታያለች። ላባውን ወደሷ አቀረብኩት፣ ፊቷን አዞረች። የሕዝቡ ሳቅ እየበረታ ሄደ፤ አንዱ ከኋላ «ድመቷም ጾመኛ ናት» ሲል ሰማሁ፤ ለስልክ የደነቆረው ጆሮዬ ለዚህ ግን ደኅና ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ሰው ፊት ተንበርክኬ አላውቅም። ከዚያ ሰዉን ተውኩት። አላየሁትም፣ አልሰማሁትም። ላባውን በበርኖሴ ጫፍ ሥር ከተትኩና ጫፉን ብቻ፣ ሣር ውስጥ እንደሚሸሽ ነገር፣ ነካ ነካ አደረግሁት። ደግሞ አቆምኩት። ደግሞ ነካ። ብዙ ቆየሁ፣ ጉልበቴ ሊሰበር ደረሰ። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። የዳለቻ ጆሮ ቀና አለ። መቀመጫዋ ተወዛወዘ። ዘላ በርኖሴ ላይ ወጣች፣ ከነላባው ተንከባለለች! እኔም አስያዝኳት። ቀጥሎ ባዶዋን ቅል ወደሷ ገፋሁላት፤ ሽታው አልለቀቃትም ኖሮ በእጇ እየመታች ከሰዉ መሀል ይዛት ሄደች።

እንግዲህ ቋንጣው የገባው በዚህ አፍ ነው፣ በኔ አይደለም አልኩ። በጾም በግቢው ማስገባቴ ጥፋቴ ነው፣ ቅጡኝ። ከድመት ጋር እጫወታለሁ። መጋረጃችሁ ያልተቀደደው፣ ከበሯችሁ ያልተበሳው በዚህ ላባ ነው። ይህን የማደርገው በየቀኑ ነው፣ ጠዋትም ማታም፤ ነገም አደርገዋለሁ። ከሴቶቹ ወገን የእናትሽ ድምፅ «የዶሮዬን ጭራ የት እንዳደረሰው ዛሬ ገና ገባኝ!» ሲል ወይራው ሥር ያለው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አባ ወልደ አማኑኤል መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ባንድ እጄ ቁልፉን፣ በሌላው ለበቁን ከነላባው ይዤ አስፋው ፊት ቆምኩ። ቁልፉን ትፈልጋለህ፣ እንካ፤ ላባውንም አብረህ ውሰድ፣ ያለሱ ቁልፉ አይሠራም አልኩት። ሁለቱንም ዘረጋሁለት። አስፋው ላባውን አየ። ሕዝቡን አየ። ልጆቹ ከወዲሁ አፋቸውን ይዘው ይጠብቁታል። «እኔ እንኳ ስለ ሥርዓቱ ነው እንጂ…» አለና እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። ከሰበካ ጉባኤው አንድም ሰው እጁን አላወጣም።

አባ ወልደ አማኑኤል ተነሥተው፣ ጻድቁ አቡዬ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ናቸው፣ ድመት አታሳፍራቸውም አሉ። ሥጋው ግን በጾም ከቅጥሩ አይገባም፤ ድመቷን እየያዝክ ወጥተህ በቤትህ አብላት፣ መልሰህ አምጣት አሉ። ለጥፋቴም ስግደት አዘዙብኝ፤ ጉልበቴን እያወቁ። ቁልፉ ባለበት ይቆይ ተባለና ተበተንን።

እንግዲህ አሸነፍኩ ልጄ። ደስታው ግን እስከ ቤቴ አልሸኘኝም። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፤ አስፋው እጁን ቢዘረጋ ኖሮ እሰጠው ነበር። ዛሬ ጠዋት ዳለቻን በበርኖሴ ሥር ይዤ ያንን ዳገት ስወርድና ስወጣ፣ ነገም ይኸው ነው፣ ከነገ ወዲያም ይኸው ነው እያልኩ ነበር። አሸናፊ መሆን እንዲህ እንደሚያደክም ማን ነገረኝ?

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ልጨርስ። እዚያ ሣር ላይ ተንበርክኬ ሲስቁብኝ አንቺን አሰብኩ። አንቺ በሰው አገር፣ በሰው ምንጣፍ ላይ፣ ይህንኑ ላባ ስትይዢ የሚስቅብሽ እንኳ የለም፤ የሚያይሽም የለም። እኔ ሲደክመኝ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ አንቺ በርሽን ማን እንደሚከፍትልሽ አልነገርሽኝም። ድመቶቹ መስኮት እንዳላቸው ነግረሽኛል። በሚቀጥለው የአንቺን ንገሪኝ። ስትወጪ፣ ፀሐይ ሲያገኝሽ፣ ከሰው ጋር ስትስቂ መቼ እንደሆነ በስልክ ለእመቤት ንገሪያት፣ እሷ በረቱ ውስጥ ትጮኽልኛለች። መልስሽ የማልወደው ከሆነም አትሸሽጊው፤ መጥተሽ ገብስ ማረም ይሻልሽ እንደሆነ ያኔ አብረን እናየዋለን። እስካሁን ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲለኝ ትልቅ ቤት ታስተዳድራለች እል ነበር። ከእንግዲህ ድመት ታጫውታለች እላለሁ። የሚስቅ ካለ ላባውን እዘረጋለታለሁ።

እናትሽ ጌታነሽ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ቋንጣው ለፋሲካ እንዳልተረፈና ጥፋተኛው እኔ እንደሆንኩ ጻፉልኝ ብላለች፣ ይኸው ተጻፈ። ወንድምሽ ልዑልሰገድ ከመሐል ሜዳ ሰላም ብሎሻል፤ መሥሪያ ቤቱ አላስወጣው ብሎ ለበዓሉም አልመጣም። ባለቤቱ ሐና ሰላም ብላሻለች፣ ሁለተኛዋን ልጇን ክርስትና አስነሥታለች። አክስትሽ አማከለች ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሆኖም ስምሽ ሲጠራ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች። ተገኘና ቤቱ በሙሉ ሰላም ይሉሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለኮምቦልቻዋ ልጅ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ የሰው ልጅ ናትና እኔም አባቷ ነኝ በያት። ማዳምሽንም እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ ልጄን በደግ ከያዘች ነው ይህ።

አባትሽ ይሥሐቅ፤ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ።
ቃላቸውን ሳላሳምር የጻፍኩት እመቤት ተገኘ።

ዘመሮ አጠገብ፣ ከአቡዬ ሥር፣ ሰኞ መጋቢት ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.